የቤተ ክርስቲያን ጥገኝነት ምንድን ነው?

ቅዳሜ ጠዋት ነው፤ ደብረ ማርቆስ። ቡናው ቶና ላይ ደርሷል። ጎረቤታችን እማማ ስልካቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠቅልለው ገቡ። ልጃቸው አሜሪካ ነው። የጥገኝነት ጉዳዩ ገና አላለቀም። "አይስ" የሚባሉት የኢሚግሬሽን ፖሊሶች በሥራ ቦታው አካባቢ ሰው ሲይዙ አይቷል። ይህን ከነገራቸው ወዲህ እንቅልፍ የላቸውም።

"ልጀ፣" አሉኝ ስኒውን ሳይነኩ፣ "እዚያስ ቤተ ክርስቲያን የለም? ገብቶ ቢማፀን ማን ይነካዋል?"

አሜሪካኖቹም ነገሩን ያውቁታል። "ሳንክቹዋሪ" ይሉታል። በአማርኛ "የቤተ ክርስቲያን ጥገኝነት" ወይም "መጠለያ" ሲባል እንሰማለን። ችግሩ፣ ጎጃም ውስጥ ላለ ሰው ይህን ሲሰማ የሚታየው ሌላ ነገር ነው። ስለዚህ ከእኛው ልጀምር።

ጥገኝነት ከጥግ ነው። ዝናብ ሲመጣ የሰው ቤት ጥግ እንይዛለን፤ ባለቤቱ ካየን "ግቡ እንጂ" ይለናል። ("ጥገኛ" የሚለው ቃል ስድብ ሆኖ መቅረቱ ሁሌም ይገርመኛል። ጥግ መያዝ ምን ነውር አለው?) የቤተ ክርስቲያን ጥግ ደግሞ ከሁሉም የከበረ ነበር። ነፍስ ያጠፋ ሰው ደመኞቹ እግር በእግር ሲከተሉት ቅጥሩ ውስጥ ይገባና በታቦቱ ስም ይማፀናል። ደወል ይደውላል። አሳዳጁ ጦሩን እንደያዘ ደጅ ላይ ይቆማል። ከዚያ ካህናትና ሽማግሌዎች መሐል ይገባሉ፤ ነገሩ ወደ ካሳና ወደ ደም ማድረቅ ይዞራል። ይህ የጎጃም ብቻ አይደለም። አክሱም ጽዮን በመማፀኛነቷ የታወቀች ናት። ጎንደር ላይ ደግሞ የእጨጌው ሰፈር ሙሉውን መማፀኛ ነበር።

አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ተማፃኙ ይደውላል እንጂ አይደበቅም። እዚያ መሆኑን አገር ሁሉ ይሰማል፤ የሚጠብቀውም ይኸው መሰማቱ ነው። ደወሉ ግን ነፃ አያወጣውም። ፋታ ነው የሚሰጠው፤ ሽማግሌ እስኪሰበሰብ፣ ደሙ የፈላበት ሰው እስኪበርድ። መጽሐፍም ከዚህ በላይ ቃል አልገባም። ኢዮአብ የመሠዊያውን ቀንድ ይዞ ነበር፤ የሰሎሞን ሰው ግን እዚያው ገደለው።

አሁን ወደ አሜሪካ እንሂድ። (ከዚህ በኋላ ያለው ዓመት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።) በ1980ዎቹ መጀመሪያ ከኤል ሳልቫዶርና ከጓቲማላ ጦርነት የሸሹ ሰዎች የአሪዞናን በረሃ እያቋረጡ ይገቡ ነበር። ጥገኝነት ሲጠይቁ በአብዛኛው ይከለከላሉ። የሸሿቸውን መንግሥታት አሜሪካ ራሷ ትደግፍ ነበርና። ማርች 24 ቀን 1982 ቱሳን ከተማ ያለው ሳውዝሳይድ የተባለው የፕሬስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያን ለእነዚህ ሰዎች መጠለያ መሆኑን በአደባባይ አወጀ። ፓስተሩ ጆን ፋይፍ ይባላል። ለአገሪቱ ዋና ዐቃቤ ሕግ አስቀድሞ ደብዳቤ ጽፎ አሳውቋል። እንዲህ ልናደርግ ነው፣ እወቁት፣ ብሎ። ይህ ደወል መደወል ካልሆነ ምን ሊሆን ነው?

በጥቂት ዓመታት በመቶዎች የሚቆጠሩ አብያተ ክርስቲያናትና ምኩራቦች ተከተሉት። መንግሥትም ዝም አላለም። ድምፅ መቅጃ የደበቁ ሰላዮችን ስብሰባቸው ውስጥ አስገባ። በ1986 ፋይፍን ጨምሮ 8 ሰዎች ጥፋተኛ ተባሉ። አንዳቸውም ግን እስር ቤት አልገቡም። አብያተ ክርስቲያናቱ በበኩላቸው የመሠረቱት ክስ በ1991 በስምምነት አለቀ፤ ያን ጊዜ የተከለከሉ ብዙ ሰዎች ጉዳያቸው እንደ አዲስ እንዲታይ ተፈቀደ። ለዚህ ነው ፋታ የምለው። ሰው እዚያው ቆይቶ ጊዜው እስኪዞር ደረሰ።

እማማ የሚፈልጉት መልስ ግን ይህ አይደለም። ዛሬ ቢገባ ይነኩታል ወይስ አይነኩትም?

ሊነኩት ይችላሉ። የአሜሪካ ሕግ ለቤተ ክርስቲያን ቅጥር የተለየ ከለላ አይሰጥም። የነበረው የመሥሪያ ቤት መመሪያ ነው። በ2011 የወጣው መመሪያ ካልቸገረ በቀር ቤተ ክርስቲያን፣ ትምህርት ቤትና ሆስፒታል ውስጥ ሰው አትያዙ ይላል። በ2021 ሌላ ሰፋ ያለ መመሪያ ወጣ። በጃንዋሪ 2025 እሱም ተሻረ። መመሪያ እንደዚህ ነው፤ አንዱ ይጽፈዋል፣ ሌላው ይሰርዘዋል። ኩዌከሮች የሚባሉት ክርስቲያኖች፣ አንድ የባፕቲስቶች ኅብረትና የሲኮች (ከሕንድ የመጣ ሃይማኖት ተከታዮች) አንድ ቤተ ጸሎት መሻሩን ተቃውመው ከሰሱ። በሜሪላንድ ያለ ዳኛ በፌብሩዋሪ 2025 አሠራሩን አገደላቸው፤ ግን ለእነሱ ለከሳሾቹ ብቻ ነው።

ሆላንድ ሌላ ናት። እዚያ ጸሎት እየተካሄደ ፖሊስ መግባት አይችልም። በ2018 መጨረሻ ዘ ሄግ ከተማ ያለች ቤቴል የምትባል ቤተ ክርስቲያን ሊባረር የነበረ አንድ የአርመን ቤተሰብ አስጠለለች። ከዚያ ጸሎቱን ጀመረች፤ አላቆመችም። ቀን ከሌሊት፣ 96 ቀን። የሃይማኖት አባቶች ከየከተማው እየመጡ ተራ ገቡ። መንግሥት በመጨረሻ ተለሳለሰ፤ ጸሎቱም በጃንዋሪ 2019 አበቃ። ይህን ስነግራቸው እማማ እጃቸውን አጨበጨቡ። "እንዲህ ነው እንጂ! የእኛ ደብተራዎች ቢላኩ ዓመትም ይቆሙ ነበር!" አሉ።

አሜሪካ ግን ይህ የለም። እዚያ ያለው የበር ጉዳይ ነው። ለሕዝብ ክፍት የሆነ ቦታ ማንም እንደሚገባ ፖሊስም ሊገባ ይችላል። ዝግ ክፍል ሲሆን፣ ጠበቆች የሚመክሩት፣ የፍርድ ቤት ዳኛ የፈረመበት ማዘዣ መጠየቅ ነው። አይስ ብዙ ጊዜ ይዞ የሚመጣው ወረቀት የራሱ የመሥሪያ ቤቱ ሹም የፈረመበት ነው፤ ሁለቱ አንድ አይደሉም። የእኛን ቤተ ክርስቲያን አስቡት። ቅኔ ማኅሌት ብዙ ሰው ይገባል፣ ቅድስት የሚቆርብ ይገባል፣ መቅደስ ከካህን በቀር ማንም አይገባም። እዚያ የተገላቢጦሽ ነው። የጸሎቱ አዳራሽ ለሁሉም ክፍት ነው፤ የሚከበረው የጸሐፊዋ ቢሮ ነው! ለዚህ ነው ብዙ አብያተ ክርስቲያናት በየበሩ "የግል" የሚል ወረቀት የለጠፉት።

ሰውን ወስዶ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ማኖርም ያን ያህል የተለመደ አይደለም። በ2006 አንዲት ሜክሲኳዊት እናት ቺካጎ ውስጥ አንድ የሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን ገብታ ዓመት ያህል ኖረች። በ2007 ወጥታ ሎስ አንጀለስ ስትሄድ ያዟት፤ በዚያው ወደ አገሯ ተመለሰች። ጥጉ የሚያገለግለው ጥጉ ውስጥ እስካሉ ነው። አንድ ክፍል ውስጥ ዓመት መቀመጥ ደግሞ ከእስር የሚለየው በትንሹ ነው። ልጅ ትምህርት ቤት ማን ያድርስ? ሥራስ?

እንግዲህ ዛሬ ቤተ ክርስቲያን ስደተኛ ጎረቤቷን ትረዳለች ሲባል በአብዛኛው እንዲህ ያለ ነገር ነው። ከቤት መውጣት ለፈራ ሰው አስቤዛ ማድረስ። ፍርድ ቤት ቀጠሮ ሲኖረው አብሮ ሄዶ ወንበሩ ላይ መቀመጥ። ምንም ላይናገሩ ይችላሉ፤ ሰውየው ብቻውን አለመሆኑን ዳኛውም ጠባቂውም ያያሉ። ጠበቃ መፈለግ። እናትና አባት ቢያዙ ልጆቹን ማን ይረከብ የሚለውን በውክልና ማጻፍ። ትንሽ ቀይ ካርድም ያድላሉ። እኛ ቀይ ካርድ ሲባል የኳስ ዳኛ ነው የሚታየን፤ ይህኛው ግን የሚያሳየው ተጫዋቹ ነው። መናገር አልፈልግም፣ ዳኛ የፈረመበት ማዘዣ ከሌላችሁ ቤቴ እንድትገቡ አልፈቅድም ይላል። በር ሳይከፍቱ በስንጥቁ ማሳየት ነው።

ይህን ስሰማ ትዝ የሚለኝ የቆሎ ተማሪው ነው። ዋሸራ ወይ ዲማ ሊማር ከሩቅ አገር የመጣ ባይተዋር። ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንጠልጥሎ "በእንተ ስማ ለማርያም" ይላል። የሚኖረው ቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ጎጆ ቀልሶ ነው። የሚያኖረው ግን የደብሩ ግንብ አይደለም። ውሻዋን ይዛ ቁራሽ የምትሰጠው ባልቴት ናት።

እማማ ይህን ሁሉ ሰምተው ዝም አሉ። ቆይተው "ታዲያ እኔ ከዚህ ሆኜ ምን ላድርግ?" አሉ።

አንድ ነገር አለ። እዚያ የኢሚግሬሽን ጉዳይ ያለው ሰው በ"ኤ" ፊደል የሚጀምር ቁጥር አለው። ሰው ቢያዝ ቤተሰብ በዚህ ቁጥርና በትውልድ አገሩ የት እንደታሰረ በኢንተርኔት ሊፈልገው ይችላል። ቁጥሩ ከሌለ ፍለጋው ይከብዳል። ብዙ ጊዜ ቁጥሩ ያለው በተያዘው ሰው ኪስ ውስጥ ብቻ ነው።

ደወልን። እዚያ ሌሊት ነው፤ ልጁ በእንቅልፍ ድምፅ አነሳ።

"እማ፣ ደህና ነሽ?"

"እኔስ ደህና ነኝ። ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለህ?"

"እሑድ እሑድ።"

"ስልካቸውን ላክልኝ። የካህኑንም የጸሐፊዋንም። ደግሞ ያን ቁጥርህን ንገረኝ።"

"የቱን?"

"በኤ የሚጀምረውን!" አሉ፣ ዕድሜ ልካቸውን እንደሚያውቁት።

ዘጠኙን አኃዝ አንድ በአንድ ነገረን። በመብራት ደረሰኝ ጀርባ ጻፍኩት፤ መልሼ አነበብኩለት። እማማ ደረሰኙን ተቀብለው አራት ቦታ አጠፉትና መቀነታቸው ውስጥ ቋጠሩት። ከዚያ ስኒያቸውን ዘረጉ፤ በረካው ተቀዳ።