«ወረርሽኙ እስኪያልፍ መድኃኒቱን ላቁመው?» አታቁሙት!

ይህቺ ጥያቄ ከመጋቢት 2012 ዓ.ም. ጀምሮ ከጆሮዬ አልጠፋችም። ኮሮና አገር ቤት መግባቱ በተነገረ ሰሞን በስልክ ተጀመረች፤ ዛሬም ጉንፋን በርታ ሲል ወይ የኤምፖክስ ወሬ ሲነሳ ታካሚ ይዟት ይመጣል። የሚጠይቀውስ ደህና ነው። አንዳንዱ ሳይጠይቅ አቁሞ፣ ዓይኑ ደም መስሎ፣ ብርሃን ሽሽት ፊቱን በነጠላ ሸፍኖ ነው የሚደርሰው። አንድ በአንድ ማስረዳቱ ስለሰለቸኝ ጽፌው ልገላገል።

የማወራው ስለ ዩቪያይቲስ ነው፤ በዓይን ውስጠኛ ክፍል ስለሚነሳ ብግነት። መነሻው ቲቢ፣ ቶክሶፕላዝሞሲስ፣ ሄርፒስ ወይም ቂጥኝ ሊሆን ይችላል። ብዙ ጊዜ ግን ምንም ተሕዋስ አይገኝም፤ የሰውነት መከላከያ ራሱ ዓይንን እንደ ባዕድ ቆጥሮ ይነሳበታል። ለነዚህኞቹ ሕክምናው ያንን መከላከያ ማብረድ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ስቴሮይድ በሚባለው መድኃኒት፣ ለምሳሌ በፕሬድኒሶሎን ጠብታ ወይም ክኒን። ጣጣው ሁሉ የሚመጣው ከዚህ ነው።

«ስቴሮይድ ኢሚዩኒቲ ይቀንሳል፤ ስለዚህ በወረርሽኝ ጊዜ ማቆም ነው»

የመጀመሪያዋ ግማሽ እውነት አላት። ዓይን ያጠፋችው ሁለተኛዋ ናት።

በመጀመሪያ ጠብታውን ከክኒኑ እንለይ። የፕሬድኒሶሎን ጠብታ ዓይን ውስጥ ሲገባ ወደ ደም የሚዘልቀው እጅግ ጥቂት ነው፤ ሳንባችሁን ለቫይረስ አሳልፎ አይሰጥም። ያቺም ጥቂት ካሳሰበቻችሁ፣ ጠብታውን ካደረጋችሁ በኋላ ጨፍናችሁ በአፍንጫ በኩል ያለውን የዓይን ጥግ ለሁለት ደቂቃ ያህል በጣት ጫን አድርጋችሁ ያዙት። ነጩን ጠብታ ደግሞ ከመጠቀማችሁ በፊት በደንብ ነቅንቁት፤ መድኃኒቱ ከሥር ይዘቅጣል። «አልሠራልኝም» ብሎ የሚያማርር ታካሚ ሲመጣ መጀመሪያ የማስደርገው ጠብታውን ከቦርሳው አውጥቶ እፊቴ እንዲጨምር ነው። ብዙው አይነቀንቅም፤ ከፊሉም ጉንጩ ላይ ነው የሚያፈሰው።

ክኒኑ ሌላ ነው። በከፍተኛ መጠን ለረጅም ጊዜ የሚወሰድ ፕሬድኒሶሎን ለኢንፌክሽን ያጋልጣል፤ አልክድም። ለዚህም ነው በኮሮና ጊዜ መጠኑን እስከሚቻለው ዝቅ ለማድረግ የሞከርነው፤ ግን ደረጃ በደረጃ፣ ዓይኑን እያየን። ከሦስት ሳምንት በላይ ስቴሮይድ የወሰደ ሰው፣ ከኩላሊቱ በላይ ያለው አድሬናል ዕጢ የራሱን ማምረት ሊተው ይችላል። ክኒኑ ድንገት ሲቋረጥ ሰውነት ከሁለት ያጣ ይሆናል፦ አቅም ይከዳል፣ ያስመልሳል፣ የደም ግፊት ይወርዳል። በዚያ ላይ ትኩሳት ያለበት በሽታ ከተጨመረ ለሕይወት ያሰጋል። እንግዲህ አስቡት፤ ኮሮናን ፈርቶ ክኒኑን የጣለው ሰው ኮሮና ቢይዘው የባሰ አደጋ ላይ የሚወድቀው እሱ ነው።

መከላከያን የሚያበርዱትን ሌሎቹን መድኃኒቶች፣ ሜቶትሬክሴትንና አዛታዮፕሪንን፣ ለሚወስዱም ምክሩ ግልጽ ነበር። ያልታመመ ይቀጥላል፤ ትኩሳትና ሳል የያዘው ሐኪሙን አማክሮ፣ ካስፈለገ እስኪያገግም ለጊዜው ያቆየዋል። ቴሌግራም ላይ የዞረው ግን «ለጊዜው» ተቆርጦ፣ «ሐኪሙን አማክሮ» ተቆርጦ፣ «አቁሙ» ብቻ ነው።

ለዓመታት የምከታተላት አንዲት ልብስ ሰፊ ነበረች። ዓይኗ ጸጥ ብሎላት ሥራዋን ያለ ችግር ትሠራ ነበር። ሚያዝያ 2012 ላይ ጎረቤቷ «አንቺን የሚገድልሽ ይሄ መድኃኒት ነው» ትላታለች። ጊዜው ታክሲ በግማሽ ሰው፣ በእጥፍ ዋጋ የሚሄድበት ነው፤ ቀጠሮውንም፣ ክኒኑንም፣ ጠብታውንም አንድ ላይ ተወችው። ሐምሌ ላይ ስትመጣ መብራት ባበራባት ብሌኗ አልጠበበም። አይሪሱ፣ ብሌኑን የከበበው ባለ ቀለም ክፍል፣ ከኋላው ካለው ሌንስ ጋር በየቦታው ተጣብቆ፣ ክብ የነበረው ብሌን ጠርዙን ትል የበላው ቅጠል መስሏል። ማስፊያ ጠብታ ስጨምርበት አንዱ ጎን ተሳበ፣ ሌላው እንደተጣበቀ ቀረ። ከኋላው ሞራ ጀምሯታል። «ግን እኮ ዶክተር፣ ኮሮና አልያዘኝም» አለችኝ። እውነቷን ነው፣ አልያዛትም። ሞራው እንዲወጣላት እንኳ መጀመሪያ ብግነቱ በርዶ ቢያንስ ሦስት ወር ጸጥ ማለት ነበረበት። በዚያ ሁሉ ጊዜ ስትወስድ የከረመችው የፕሬድኒሶሎን መጠን፣ ፈርታ ካቆመችው እጅግ የበዛ ነው።

«ዴክሳሜታዞን የኮሮና መድኃኒት ነው»

በመጋቢት «ስቴሮይድ ይገድላል» ያሉኝ ሰዎች በሰኔ ዴክሳሜታዞን ፍለጋ ፋርማሲ ለፋርማሲ ሲዞሩ አየሁ። ያው ስቴሮይድ መሆኑን የነገራቸው የለም። ሰኔ 9 ቀን 2012 ዓ.ም. ከእንግሊዝ የተሰማው የሪከቨሪ ጥናት ውጤት በመተንፈሻ መሣሪያ ላይ ካሉ ሕሙማን ሞትን በአንድ ሦስተኛ፣ ኦክስጅን ከሚሰጣቸው ደግሞ በአንድ አምስተኛ እንደቀነሰ ነው። ኦክስጅን ላላስፈለገው ሰው ጥቅም አልታየበትም።

ከሁሉ ያናደደኝ ግን ጠብታውን ቤት ውስጥ አከማችቶ፣ ዓይኑ በቆጠቆጠው ቁጥር እንዳሻው የሚያንጠባጥበው ነው። የስቴሮይድ ጠብታ ያለ ክትትል ሲቆይ በአንዳንዱ ሰው ላይ የዓይን ግፊት ይጨምራል። ግፊቱ የዓይንን ነርቭ ሲጎዳ ግላኮማ ይባላል፤ አያም፣ አያቀላም፤ የጠፋው ዕይታም አይመለስም። መንስኤው ሄርፒስ ከሆነ ደግሞ ቁስሉን ያባብሰዋል። «ባለፈው የታዘዘልኝ ነው» አትበሉኝ፤ ባለፈው የታዘዘው ለባለፈው ነው።

«ዓይኔ ካልቀላ ድኗል ማለት ነው»

በሬቲና፣ ከዓይን በስተኋላ ብርሃን በሚቀበለው ስስ ሽፋን፣ አካባቢ ያለ ብግነት ዓይንን ሳያቀላ ዕይታን ሊሰርቅ ይችላል። የመገጣጠሚያ ብግነት ያለባቸው ሕፃናትማ ዓይናቸው ነጭ እንደሆነ፣ ሳያማቸው፣ ሲሮጡ ሲጫወቱ ነው የሚጎዱት። እነዚህን ልጆች «ሆስፒታል ኮሮና አለበት» ብሎ ከቀጠሮ ማስቀረት ለልጁ ማሰብ አይደለም።

«ፎቶ በቴሌግራም ልላክና እዩልኝ»

ላኩ፣ ግን ከፎቶ የማየው መቅላቱን ብቻ ነው። የብግነቱን ሕዋሳት የማየው የዓይንን ውስጥ አጉልቶ በሚያሳየው መሣሪያ፣ በስሊት ላምፕ ነው፤ ግፊቱም የሚለካው በመሣሪያ ነው። ስልክ የሚጠቅመው መድኃኒት ሊያልቅባችሁ ሲል፣ የደም ምርመራ ውጤት ለማሳወቅ፣ ወይም ዛሬ ልምጣ ነገ ብሎ ለመጠየቅ ነው። ብርሃን ከወጋችሁ፣ ዕይታ ከደበዘዘ፣ ወይም ዓይናችሁ ፊት የሚንሳፈፍ ጥቁር ነገር ከበዛ ፎቶውን ተዉት፤ ማስክ አድርጋችሁ በዕለቱ ኑ።

«ዓይኔ ቀላ፣ ኮሮና ነው።» ኮሮና ከያዛቸው ጥቂቶቹ ዓይናቸው ይቀላል፤ ሕመምና ብርሃን መፍራት ካለበት ግን ዩቪያይቲሳችሁ ተመልሶ ሊሆን ይችላል፣ ታዩት።

«ክሎሮኪን ዓይኔንም ኮሮናንም ያድንልኛል።» ሁለቱንም አያድንም፤ ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ደግሞ ራሱ ሬቲናን ይጎዳል።

«ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት ይበቃል።» ብሉት። ዓይን ውስጥ ግን የምንም ቅጠል ጭማቂ እንዳታደርጉ።

«ጸበል ከጀመርኩ መድኃኒት አልነካም።» ጸበላችሁን ተጠመቁ፣ መድኃኒታችሁንም ውሰዱ። አቡነ ጳውሎስ ራሳቸው የኤችአይቪ ሕሙማን መድኃኒቱን ከጸበሉ ጋር እንዲወስዱ መክረው ነበር፤ ለዓይን ሲሆን የተለየ ሥርዓት የለም።

«እጄን ሳኒታይዘር ከቀባሁ ይበቃል።» ጠብታ ከማድረጋችሁ በፊት በሳሙና ታጠቡ፤ ያልደረቀ አልኮል ዓይን ያቃጥላል።

«ሳሌን ከተናገርኩ ኳረንቲን ያስገቡኛል።» ይቺን ፈርተው ሳላቸውን የደበቁኝ ነበሩ። መከላከያን የሚያበርድ መድኃኒት የሚወስድ ሰው፣ ቲቢ በበዛበት አገር፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ እየሳለ ዝም! እኔ የምፈልገው የአክታ ምርመራችሁን ነው። ጠንካራ መድኃኒት ከመጀመራችን በፊት የደረት ራጅ የምናዘውም ለዚሁ ነው።

«ክትባት ለኛ አይሆንም።» የኮሮና ክትባት መጋቢት 4 ቀን 2013 ዓ.ም. አስትራዜኒካ መሰጠት ሲጀምር ብዙ ታካሚዎቼ በዚህ ፍርሃት ቀሩ። እዚህ አገር የተሰጡት የኮሮና ክትባቶች ሰውነት ውስጥ የሚራባ ቫይረስ የለባቸውም፤ ሜቶትሬክሴት የሚወስድም ሊከተባቸው ይችላል። ከክትባት በኋላ ብግነት የተነሳባቸው ጥቂት ሰዎች አሉ፤ ከኮሮና በሽታው በኋላም የተነሳባቸው አሉ። ፍርሃቱ ቦታ ያለው በሌሎቹ ላይ ነው፦ የቢጫ ወባና የኩፍኝ ክትባቶች በሕይወት ያለ የተዳከመ ቫይረስ ነው ያለባቸው። ለጉዞ የቢጫ ወባ ካርድ የሚያስፈልጋችሁ ካላችሁ፣ ክንዳችሁን ከመስጠታችሁ በፊት የምትወስዱትን ክኒን ስም ለከታቢው ንገሩ፤ ለእኔም ቀደም ብላችሁ ደውሉልኝ።