የመተንፈሻ አካላት፦ ከአፍንጫ እስከ ሳንባ

የመተንፈሻ አካላት በተለምዶ ላይኛውና ታችኛው ተብለው ይከፈላሉ። ድንበሩ ማንቁርት አካባቢ ነው። ይህን ጽሑፍ ያሰናዳሁት በእጄ ካለው የሥልጠና ማስታወሻና ከጤና ጣቢያ ሥራዬ ስለሆነ ወደ ሕፃናት ማጋደሉ አይቀርም።

አፍንጫ ለማሽተት ብቻ አይደለም። አየሩን ያሞቃል፣ ያረጥባል፣ አቧራውን ያስቀራል። አፉን ከፍቶ ያደረ ሰው ጉሮሮው ደርቆ የሚነሳው ለዚህ ነው። ጉሮሮ ምግብም አየርም የሚያልፍበት የጋራ መንገድ ነው፤ እንጥልም እዚያው ተንጠልጥላለች። ሕፃን ሲያስለው እንጥሉን የሚያስቆርጡ ወላጆች ዛሬም አሉ። ለመድማትና ለኢንፌክሽን ከመዳረግ በቀር የሚያድነው ሳል የለም።

ስንውጥ ማንቁርት ይከደናል። ቆሎ እየቆረጠሙ ሲስቁ ትን የሚለው ይህ ክዳን ሲቀደም ነው። ከዚያ በታች ያለው የአየር ቧንቧ ከ10 እስከ 12 ሴንቲሜትር ይረዝማል፣ ከዚያም ለሁለት ይከፈላል። የቀኙ ሰፋ፣ አጠር፣ ቀጥ ያለ ነው። ስለዚህ ሕፃን የሳበው ኦቾሎኒ ብዙ ጊዜ የሚገኘው በቀኝ በኩል ነው። ደህና ሲጫወት የነበረ ልጅ ድንገት ማሳል ከጀመረና እናቱ «ትን ብሎት ነበር» ካለች ነገሩን አቅልሎ ማለፍ አይገባም።

ቧንቧው 23 ጊዜ ያህል እየተከፈለ ትንንሽ የአየር ከረጢቶች ጋ ይደርሳል። ብዛታቸውን 300 ሚሊዮን የሚሉም 480 ሚሊዮን የሚሉም አሉ፤ ቢዘረጉ 70 ካሬ ሜትር ገደማ ይሸፍናሉ። የቀኝ ሳንባ ሦስት ክፍል አለው፤ የግራው ለልብ ቦታ ለቆ ሁለት።

የሳንባ ምች ማለት እነዚህ ከረጢቶች በኢንፌክሽን ምክንያት ፈሳሽና መግል ሲሞሉ ነው። ስሙ ራሱ ጣጣ አለው። ምች ሲባል ሰው የሚያስበው ፀሐይና ዳማከሴ ነው፤ ዳማከሴ ሲታሽ ሁለት ቀን ያልፋል፣ ለሕፃን ደግሞ ሁለት ቀን ብዙ ነው። ምርመራው መሣሪያ አይፈልግም። ልብሱን ገለጥ ማድረግ፣ ልጁ እስኪረጋጋ መጠበቅ፣ ከዚያ ሆዱ ከፍ ዝቅ ሲል አንድ ሙሉ ደቂቃ መቁጠር። ግማሽ ደቂቃ ቆጥሮ በሁለት ማባዛት አይሠራም፣ የሕፃን ትንፋሽ ወጥ አይደለምና። ከሁለት ወር በታች ላለ 60፣ ከ2 እስከ 11 ወር 50፣ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት 40 ከደረሰ ፈጣን ነው። ሲተነፍስ የታችኛው ደረቱ ወደ ውስጥ ከተሰረጎደ ወይም ጡት እንቢ ካለ ሳይውል ሳያድር ሆስፒታል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች መጀመሪያ ላይ እንዲህ ያለውን ልጅ ወደ ጤና ጣቢያ ይልኩ ነበር፤ ከ2003 ዓ.ም. ገደማ ወዲህ ግን ቀለል ያለውን ራሳቸው አንቲባዮቲክ ሰጥተው ያክማሉ። እነዚህ እህቶቻችን ሰዓታቸውን ይዘው ጎጆ ውስጥ ተንበርክከው ሲቆጥሩ ያየ ሰው ሥራቸውን አይንቅም። የሳንባ ምች ከሚያመጡት ባክቴሪያዎች አንዱን የሚከላከለው የኒሞኮካል ክትባትም በ2004 ዓ.ም. ወደ መደበኛው ክትባት ገብቷል።

አስም የሚያጠበው ቧንቧውን ነው፤ ሲወጣ ሲጥ ሲጥ የሚለው ትንፋሽ ምልክቱ ነው። ብዙ ሰው ፓፍን፣ ማለትም በአፍ የሚሳበውን የአስም መድኃኒት፣ «ከተጀመረ አይለቅም» ብሎ ይፈራል፤ ሱስ ግን አያስይዝም። ከሁለት ሳምንት ያለፈ ሳል አክታ ያስመረምራል፣ ቲቢ ሊሆን ይችላልና። የተለመደው ሕክምና 6 ወር ነው፤ ብዙዎች ሁለተኛው ወር ላይ ሲሻላቸው ያቋርጡታል። የምድጃ ጭስ ሲጋራ ነክቶ የማያውቅን ሰው ሳንባ ሊያበላሽ ይችላል። ጉንፋን ደግሞ በራሱ ጊዜ ይሄዳል፣ አንቲባዮቲክ አይፈልግም።

የከፍታው ነገር ሳይነሳ አይታለፍም። ደጋ ላይ አየሩ ሳሳ ያለ ነው። በደቡብ አሜሪካ የአንዲስ ተራሮች የሚኖሩ ሰዎች ደማቸው ወፍሮ ይቋቋሙታል፤ ሰሜን ተራሮች አካባቢ በ3,530 ሜትር ላይ የተመረመሩ ደገኞቻችን ግን ሄሞግሎቢናቸውም (ኦክስጅን የሚሸከመው የደም ክፍል) በደማቸው ያለው ኦክስጅንም የቆላ ሰው ያህል ሆኖ ተገኘ። ሌሎች ከፍተኛ ቦታዎች ላይ የተሠሩ ጥናቶች ትንሽ የተለየ ውጤት አምጥተዋል፣ ስለዚህ ለሁሉም ደገኛ ይሠራል ማለት ያስቸግራል።