የባዮሎጂ ክፍል ውስጥ ተግባር፦ የሚባለውና እውነታው

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ የባዮሎጂ መምህራን ሻይ ላይ ስንገናኝ ወሬው ያው ነው። ተማሪው ለፈተና ሸምድዶ በማግስቱ ይረሳል። «እሺ፣ ተግባር (በእጅ የሚሠራ ሙከራ) እንጨምርበት» ሲባል ደግሞ ላለመጨመር የሚመጣው ምክንያት ብዙ ጊዜ ልክ አይደለም። አንድ በአንድ እንያቸው።

«ላብራቶሪ ከሌለ ተግባር የለም»

ከሁሉም የሚያስቆጨኝ ይሄ ነው። የፍየል ልብ ለማሳየት ስለታም ምላጭና ሳህን ይበቃል። ሥጋ ቤቱን «ትልልቆቹን የደም ሥሮች አትቁረጥብኝ» ማለት አትርሱ። እኛ አገር ከሙስሊሙም ከክርስቲያኑም ሥጋ ቤት አንዳንድ ብትገዙ ጥሩ ነው፣ የቱን እንደሚይዙ ተማሪዎቹ ራሳቸው ይምረጡ። ምላጩ ከመነሳቱ በፊት አኦርታው (ከልብ የሚወጣው ትልቁ የደም ሥር) ውስጥ ውሃ አፍስሱ፤ ቫልቮቹ (መዝጊያዎቹ) ተዘግተው ውሃውን ሲይዙት የኋላ ወንበር ያለው ሁሉ ተነስቶ ይመጣል። ከዚያ ጠይቁ፦ ከታችኞቹ ክፍሎች የማን ግድግዳ ይወፍራል፣ የግራው ወይስ የቀኙ? ሁሉም ግምቱን ከነምክንያቱ ደብተሩ ላይ ይጻፍ። ሲቆረጥ የግራው በግልጽ ወፍሮ ይታያል፤ የቀኙ ደም የሚልከው አጠገቡ ላለው ሳንባ ነው፣ የግራው ግን እስከ እግር ጥፍር ድረስ መግፋት አለበት። በጣታቸው ጫን ጫን አድርገው ካነጻጸሩት አይረሱትም።

«60 ተማሪ ይዞ አይሆንም»

ለአንዳንዱ ሥራ እንዲያውም ብዛቱ ይጠቅማል። የልብ ምት ለመለካት የእጅ አንጓና ሰዓት ብቻ ነው የሚያስፈልገው። 15 ሰከንድ ቆጥሮ በ4 ማባዛት፣ ሜዳ ላይ ሮጦ እንደገና መለካት። የ60 ሰው ቁጥር ደግሞ ደህና ግራፍ ይሠራል።

«ጊዜ ይበላል፣ ፈተና አያደርስም»

ሁለት ቀጭን የድንች ቁራጭ፣ አንዱ ንጹህ ውሃ ውስጥ፣ ሌላው ብዙ ጨው ባለበት። ክፍለ ጊዜው ሲጀመር አስቀምጡና ትምህርታችሁን ቀጥሉ። ሲያልቅ የጨው ውሃው ድንች ልፍስፍስ ብሎ ታገኙታላችሁ። ውሃው ከድንቹ ወደ ጨዋማው ወጥቷል፤ ኦስሞሲስ ይኸው።

«ተማሪው ከሳቀና ከተንጫጫ ተምሯል»

ይሄኛው የሚያሳስተው ተግባር የምንወደውን ነው። ፊኛ ሲነፋ ማየት ብቻውን ትምህርት አይሆንም። የዳቦ እርሾ፣ ስኳርና ውሃ ጠርሙስ ውስጥ አድርጉ፣ አፉ ላይ ፊኛ ግጠሙ፤ ያንኑ ልክ ደሴና ኮምቦልቻ ያሉ ሁለት ትምህርት ቤቶች በአንድ ሰዓት ይሥሩት። በመሐላቸው ያለው 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ኮምቦልቻ ሲደረስ ግን ሙቀቱ ሌላ ነው። የማን ፊኛ ቀድሞ ይነፋል? ስኳሩን ወደ ጋዝ የሚቀይረው የእርሾው ኢንዛይም በሙቀት እንደሚፈጥን የገባው ተማሪ ኮምቦልቻ ይላል። ጎበዙ ደግሞ «ደሴ ከፍታ ስለሆነ የአየር ግፊቱ ያንሳል፣ ፊኛውን ያሰፋዋል እኮ» ብሎ ሲከራከር ትምህርቱ እዚያ ጋ ነው ያለው።

«ምላስ መጠቅለል በአንድ ጂን ይወረሳል»

ይሄን ለውርስ ትምህርት ምሳሌ የሚያደርግ ብዙ ነው። በ1940 እ.ኤ.አ. የጄኔቲክስ ተመራማሪው ስተርቴቫንት አቀረበው፤ በ1952 ግን ማትሎክ የተባለ ሌላ ተመራማሪ መንትዮችን ሲያጠና፣ ከአንድ እንቁላል የተገኙት እንኳ አንዱ የሚጠቀልል ሌላው የማይጠቀልል ሆነው ተገኙ። ጉዳዩ ቀላል አይደለም፣ ወላጆቹ የማይችሉት ልጅ ቤቱ ገብቶ ስለ አባቱ ሊጠራጠር ይችላል። በእሱ ፈንታ ለሁለት ሁለት ሳንቲም ስጧቸው፣ አንዱ የእናት፣ አንዱ የአባት። ዘውድ የበላዩ ጂን፣ ጎፈር የበታቹ ይሁን። ጥቂት ጊዜ የጣለ ቡድን የማይመስል ቁጥር ያገኛል፤ የክፍሉ ሁሉ ሰሌዳ ላይ ሲደመር ግን አንድ ዘውድ እንኳ ያለበት ሁለቱም ጎፈር ከሆነው ጋር ሲነጻጸር ወደ 3 ለ 1 ይጠጋል።