“ራስ ሳይጠና ጉተና” ሲባል ምን ማለት ነው? ከየትስ መጣ?

ይህ አባባል ሁለት ጊዜ ተተርቶብኛል። ሁለቱም ጊዜ ምክንያቱ ድሬዴ፣ ማለትም ተቆላልፎ የተሠራው ፀጉሬ ነበር።

መጀመሪያ የተተረተብኝ እዚሁ ጅማ፣ ባጃጅ ውስጥ ነው። ከአጂፕ ወደ መርካቶ ስሄድ አጠገቤ የተቀመጡ ጠና ያሉ ሰውዬ ፀጉሬን አየት አደረጉና፣ ለሾፌሩ የሚያወሩ መስለው “ራስ ሳይጠና ጉተና!” አሉ። ስድብ ነበር፣ እኔም እንደ ስድብ ወስጄው ዝም ብዬ ወረድኩ። ከአሥር ቀን በኋላ ያችኑ አባባል አያቴ በረንዳችን ላይ ጣቷን ሰሪሳራዬ ላይ አድርጋ ስትለኝ ግን ሌላ ነገር ሆና አገኘኋት። ቃሉ ያው፣ ፀጉሩም ያው። ትርጉሙ ግን የገባኝ ያን ቀን ነው።

ቃሉን እንፍታው። ሦስት ቃል ብቻ ነው፣ ማሰሪያ አንቀጽ እንኳን የለውም። “ሳይጠና” እና “ጉተና” ቤት ስለሚመቱ አንዴ የሰማው ሰው አይረሳውም።

ጉተና ማለት አድጎ፣ ሞልቶ የተንዠረገገ ፀጉር ነው። ጎፈሬም የሚሉት አሉ፣ ዛሬ አፍሮ የምንለው ዓይነት። “ጠና” ደግሞ ከግዕዙ “ጸንዐ” የመጣ ነው። በረታ፣ ጠነከረ ማለት ነው። ሕመም ሲብስ “ጠናበት” እንላለን፣ ዕድሜው ገፋ ያለውን “ጠና ያለ ሰው”፣ ሕፃኑ ራሱን ቀጥ አድርጎ መያዝ ሲጀምር ደግሞ “አንገቱ ጠና” ይባላል። “ራስ” የሚለውም ሁለት ነገር ይዟል። አንደኛው ከአንገት በላይ ያለው ነው፣ ሁለተኛው “ራስን መቻል” ስንል የምናነሳው ሰውየው ራሱ።

ስለዚህ ቃል በቃሉ ሲፈታ፣ ራሱ መሸከም ሳይችል ከባድ ፀጉር ያሳደገ ሰው ማለት ነው። ውስጠ ወይራው ደግሞ አቅሙ ሳይደረጅ፣ መሠረቱ ሳይያዝ ትልቅ ነገር የሚያነሳን ሰው ይነካል። አንዷ ሱቅ የራሷን ኪራይ መቻል ሳትጀምር ሁለተኛ ሱቅ የሚከፍት ነጋዴ አለ አይደል? ለእሱ ነው የሚተረተው። ገና ሥራ ሳይዝ በብድር አዳራሽ ሙሉ ሰው ጠርቶ የሚያገባም አይቀርለትም።

ሥዕሉን ለማየት የሕፃን ራስ ማሰብ ይበቃል። ሕፃን ሲወለድ የራስ ቅሉ አጥንቶች ገና አልተገጣጠሙም። አናቱ ላይ ለስላሳ ቦታ አለ፣ እርግብግቢት የምንለው፣ እጅ ሲያርፍበት ትርታው ይሰማል። የፊተኛው አብዛኛውን ጊዜ ከ1 ዓመት እስከ 1 ዓመት ተኩል ባለው ጊዜ ይገጥማል። እናቶች እዚያ ቦታ ላይ እጃቸው እንዴት እንደሚሳሳ ያየ ሰው “ራስ ሳይጠና” የሚለው ከየት እንደተነሳ ለመገመት አይቸገርም።

ከዚያ በላይ ደግሞ ድሮ ሰው ዕድሜው ከፀጉሩ ይታወቅ ነበር። ለልጅ ዙሪያው ይላጭና አናቱ ላይ ቁንጮ ይተውለታል። (ቁንጮ ዛሬም አለች፣ “የሥልጣን ቁንጮ” ስንል እሷን ነው የምንጠራው።) ያላገባች ልጃገረድ መሃል ራሷን ተላጭታ ዙሪያውን ስታስቀር ሳዱላ ትባላለች። ስታገባ ነው ሙሉውን የምታሳድገው። ሙሉ ፀጉር እንግዲህ እንደ ዘመኑ ልማድ የሚደረስበት ነገር ነበር። ልጅ ጉተና ይዞ ቢታይ፣ ያልደረሰበትን እንደያዘ ነው የሚቆጠረው። በጣሊያን ወረራ ጊዜ፣ ከ1928 እስከ 1933 ዱር ከርመው የወጡ አርበኞችን ፎቶ ያየ ሰው ደግሞ ያ ሁሉ ጎፈሬ ስንት መከራ እንዳሳለፈ ሳይነገረው ይገባዋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። ጅማ ውስጥ ፀጉሩን ድሬድ ያደረገ ሁሉ “ራስታ” ይባላል። ራስታ ግን እምነት ነው። ስሙ ራሱ የመጣው ከ “ራስ ተፈሪ” ነው፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1923 ከመንገሣቸው በፊት ይጠሩበት ከነበረው። ንጉሡ ሚያዝያ 13 ቀን 1958 ኪንግስተን ሲያርፉ የጠበቃቸውን ሕዝብ፣ ሻሸመኔ መጥተው የሰፈሩትንም ብዙዎቻችን እናውቃለን። እኔ የእነሱ እምነት ተከታይ አይደለሁም፣ በእምነታቸው ስም መጠራቱም አይገባኝም። ደግሞ የተቆላለፈ ፀጉር ለእኛ አገር እንግዳ አይደለም። የገዳም ባህታውያንን ማየት ይበቃል። መጽሐፈ መሳፍንት ላይም የሶምሶን ፀጉር ሰባት ጉንጉን ነበር።

ወደ እኔ ልመለስ። ታላቅ እህቴ ልታገባ ነበር። ድሬድ ከጀመርኩ ገና ሁለት ወር ቢሆነኝ ነው፣ ርዝመቱ አራት ጣት ቢሆን ነው። ለሠርጉ ወገቤ ላይ እንዲደርስ ፈለግኩ። አንድ ፀጉር ቤት ሄጄ ስጠይቅ “ይቻላል” አሉኝ። እያንዳንዷ ቀጭን ድሬዴ ላይ ሰው ሠራሽ ድሬድ በኪሮሽ መርፌ እያስገቡ ቀጠሉልኝ። ስድስት ሰዓት ተቀመጥኩ። ሲያመኝ “ሲጠብቅ ነው የሚያምረው” ተባልኩ፣ አመንኩ። ማታ ጎኔን ማሳረፍ አልቻልኩም። በማግስቱ ግንባሬ ዳር ዳሩን ትንንሽ ብጉር አወጣ። ሠርጉ ላይ ፎቶው አማረ፣ እውነት ነው። በሦስተኛው ሳምንት አያቴ በረንዳ ላይ ቡና ስታፈላ ራሴን ወደ ብርሃኑ አዞረችና “ይሄ ምንድን ነው?” አለችኝ። ሰሪሳራዬ ላይ በሁለቱም በኩል የአውራ ጣት ጥፍር የሚያክል ቦታ ተመልጧል። ዳሰሰችው። “ራስ ሳይጠና ጉተና፣ ልጄ” አለች። ሌላ አልጨመረችም። ሲኒውን ሳታነሳ መቀስ አመጣች፣ የተቀጠለውን እስከ ምሽት ድረስ አንድ በአንድ ፈታንው።

የሆነው ይህ ነው። ፀጉር ለረጅም ጊዜ በኃይል ሲጎተት የሚበቅልበት ከረጢት ይጎዳል። መጀመሪያ የሚለቀው ሰሪሳራና የግንባር ዳር ነው፣ እዚያ ያለው ፀጉር ስስ ነውና። ቶሎ ከተላቀቀ ይመለሳል። ወራትና ዓመታት ከተጎተተ ግን ቦታው ጠባሳ ይይዝና አይበቅልም። ማሳከክ፣ ብጉር፣ ጎን ማሳረፍ አለመቻል ሁሉም ምልክት ናቸው። “ይለመዳል” የሚላችሁን አትስሙ። በጭራሽ።

ድሬድ እንዴት እንደሚይዝ ያወቅኩት ከዚያ በኋላ ነው፣ ባወቅኩ ቁጥር ደግሞ አባባሉ ለድሬድ የተባለ እየመሰለኝ መጣ። ሰው በቀን ከ50 እስከ 100 ፀጉር ይረግፋል። በሚዶ የሚበጠር ፀጉር ላይ የረገፈው በሚዶው ይወጣል። ድሬድ ላይ ግን አይወጣም፣ እዚያው ቀርቶ ካልረገፈው ጋር ይጠላለፋል። ድሬድን ድሬድ የሚያደርገው ይኸው መጠላለፍ ነው። ስለዚህ ሰም ብትቀቡትም፣ ጄል ብታፈሱበትም በአንድ ቀን አይመጣም። ጊዜ ነው የሚሠራው። ፀጉር በወር 1 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው የሚያድገው። በመጀመሪያዎቹ ወራት ሲታጠብ ይፈታል፣ ያበሳጫል። ከዚያ መሃሉን በሁለት ጣት ጫን ሲሉት ሽምብራ የመሰለ ቋጠሮ ይገኛል። ያቺን ቋጠሮ መጀመሪያ ያገኘሁ ቀን ለአያቴ ሮጬ ነው ያሳየኋት። ከዚያ ይወፍራል፣ ይንጨባረራል፣ አልገዛም ይላል፣ ሰው “ምነው አልተሠራሽም?” የሚልበት ጊዜ ነው። ጠምጣማ ፀጉር ቶሎ ይይዛል፣ ለስላሳው ይዘገያል። አብዛኛው ሰው ላይ ሙሉ በሙሉ ጠንቶ እስኪያልቅ ዓመትና ከዚያ በላይ ይወስዳል። ክብደት መሸከም የሚችለው ያኔ ነው።

“ድሬድ አይታጠብም” የሚባለው ሐሰት ነው። ይታጠባል። እንዲያውም ወዝ ያለበት ፀጉር ስለሚንሸራተት ቶሎ አይያያዝም፣ ንጹሑ ነው የሚይዘው። እኔ በየሳምንቱ፣ ቢበዛ በየሁለት ሳምንቱ እታጠባለሁ። ጅማ ላይ ከባዱ ማጠቡ ሳይሆን ማድረቁ ነው። ዝናቡ ከመጋቢት ጀምሮ እስከ መስከረም ድረስ ብዙም አይለቀንም፣ ሐምሌ ላይ ፀሐይ ለማየት መጠበቅ አለብሽ። ድሬድ ውስጥ ውሃ ከሰነበተ ይሸታል፣ ሻጋታም ሊያበጅ ይችላል። ስለዚህ ጠዋት ነው የምታጠበው። በአሮጌ ቲሸርት እጨምቀዋለሁ፣ ፎጣ የክር ብናኝ ይተውበታል። እርጥብ እያለ አላስረውም። ቀኑ ከጨለመ የፀጉር ማድረቂያ ካስክ ውስጥ እገባለሁ፣ በመጠነኛ ሙቀት። ማታ ሳቲን ሻሽ አስራለሁ።

ከአያቴ ጋር የተከራከርነው በቅቤ ብቻ ነው። ለእሷ ፀጉር ማለት ቅቤ ነው። ላልተቆላለፈ ፀጉር እኔም እቀበላለሁ። ድሬድ ውስጥ ግን ገብቶ አይወጣም፣ ይሸታል፣ አቧራ ይሰበስባል። ሰምም እንደዚያው ነው፣ ከቅቤም ይብሳል። በስተመጨረሻ በተልባ ተስማማን። ከመርካቶ አንድ ሲኒ ተልባ ገዝቼ አፍልቼ፣ ሳይቀዘቅዝ በስቶኪንግ አጠልለዋለሁ። ሥሩ ላይ ብቻ ትንሽ ነው የሚነካው። ፍሪጅ ውስጥ ሳምንት ቢቆይ ነው፣ ሽታው ከተቀየረ ይደፋል። ሥሩን ማጠማዘዝ ደግሞ በየአምስትና ስድስት ሳምንቱ ይበቃል። በየሳምንቱ “ንጹሕ ይሁንልኝ” ብሎ የሚያጠማዝዝ ሰው ሥሩን እያቀጠነ ነው፣ አንድ ቀን ድሬዱ ከነሥሩ እጁ ላይ ይቀራል።

አሁን ወደ አባባሉ። ከሌሎቹ ጋር ይምታታል። “የቸኮለች አፍሳ ለቀመች” ስለ ጥድፊያ ነው። ዝንጀሮዋ “መጀመሪያ የመቀመጫዬን” ያለችው ስለ ቅድሚያ ነው። “ራስ ሳይጠና ጉተና” ግን ስለ ተሸካሚው ነው። ጥያቄው “ሸክሙ ትልቅ ነው ወይ?” አይደለም፤ “ከሥሩ ያለው ችሎታል ወይ?” ነው። ቀስ ብሎም የተሠራ ጉተና ያልጠና ራስ ላይ ከተጫነ ያው ነው። የእኔ በጥንቃቄ ነበር የተሠራው፣ ስድስት ሰዓት ሙሉ።

ብዙ ሰው ደግሞ ያለ ቦታው ይተርተዋል። ወጣት አዲስ ነገር ሲጀምር፣ ስብሰባ ላይ ልጅ እግር ሐሳብ ሲያቀርብ፣ “ራስ ሳይጠና ጉተና” ብሎ አፍ ማስያዝ የተለመደ ነው። የባጃጁ ሰውዬ የተረቱት እንደዚያ ነው፣ ራሴን ሳይሆን ድፍረቴን ነበር የጠሉት። ይሄ አባባሉን ማጣመም ነው ባይ ነኝ። “ሳይ” የምትለዋን ልብ በሉ። “ጉተና ክልክል ነው” አይልም። “ራስ ይጠና፣ ከዚያ ይምጣ” ነው። ጉተናውን ማንም አልነቀፈውም። አንድን ሰው በዚህ ተረት የሚገሥጽ ሰው፣ የዚያ ሰው ራስ እስኪጠና ምን እንዳገዘው ቢጠየቅ ደስ ይለኛል። አያቴ ተርታ መቀስ አመጣች፣ ከዚያ ወዲህም በየስድስት ሳምንቱ ጉልበቷን ትሰጠኛለች።

ያለፈው እሑድ ቀኑ ነበር። እሷ ወንበር ላይ፣ እኔ ከፊቷ የጅማ በርጩማ ላይ፣ ራሴ ጉልበቶቿ መሃል። ተልባው በሲኒ አጠገቧ አለ። ከማጅራቴ ጀምራ ወደ ላይ እየመጣች ጆሮዬ ጋ ስትደርስ ቆመች። አውራ ጣቷን ሰሪሳራዬ ላይ ወዲያና ወዲህ አደረገች። እዚያ አሁን ሽፋሽፍት የሚያክል ጥቅልል ፀጉር ወጥቷል።

“ይሄን ከጎኑ ካለው ጋር ላያይዘው እማማ?” አልኳት።

“ገና ነው፣ አትንኪው” አለች። ጣቷን አነሳችና ወደሚቀጥለው አለፈች። ቆርቆሮው ላይ ዝናብ መንጠባጠብ ሲጀምር በርጩማውን ይዤ ወደ ውስጥ ገባን፣ ግማሹ ገና ነበር።