የታኮማ ፓርክ ፖሊስ፦ ትንሽ ከተማ ከነፖሊሷ

ታኮማ ፓርክ በሜሪላንድ ግዛት፣ በሞንጎመሪ ካውንቲ ደቡባዊ ጫፍ ላይ ያለች ከዋሽንግተን ዲሲ ጋር የምትዋሰን ትንሽ ከተማ ናት። ስፋቷ አምስት ተኩል ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በ2020 የሕዝብ ቆጠራ 17,629 ነዋሪ ነበራት (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶችና ወሮች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። የተቆረቆረችው በ1883 ሲሆን በሕግ ከተማ የሆነችው በ1890 ነው። ይህችን የምታክል ከተማ የራሷ ፖሊስ አላት። ጎረቤቷ ሲልቨር ስፕሪንግ በሕዝብ ብዛት ከአራት እጥፍ በላይ ትበልጣታለች። የሐበሻ ሱቅና ምግብ ቤት የሞላውም እዚያ ነው። ግን ሲልቨር ስፕሪንግ በሕግ ዓይን ከተማ ስላልሆነች ከንቲባም የላት፣ ፖሊስም የላት። የሚጠብቃት የካውንቲው ፖሊስ ነው።

ከአገር ቤት ለመጣ ሰው ይህ ግር ይላል። እኛ የምናውቀው ፖሊስ ፌዴራል፣ ክልል፣ ዞን፣ ወረዳ እያለ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል። አሜሪካ ውስጥ ግን ወደ 18,000 የሚጠጉ የፖሊስና የሕግ አስከባሪ መሥሪያ ቤቶች አሉ፤ አብዛኞቹ አንዱ የሌላው አለቃ አይደለም። በ2013 በተካሄደ የመንግሥት ጥናት መሠረት ከአካባቢ ፖሊስ መምሪያዎች ግማሽ ያህሉ ያላቸው ፖሊስ ከአሥር ያነሰ ነው። በዚህ ሚዛን ታኮማ ፓርክ ትንሽ እንጂ ሚጢጢ አይደለችም። በአሥሮች የሚቆጠሩ ፖሊሶች አሏት፤ በመኪና የሚዞሩ አሉ፣ መርማሪዎች አሉ፣ ስልክ የሚቀበሉ አሉ። ጣቢያው ሜፕል አቬኑ ላይ፣ ከከተማው ማዘጋጃ ቤት ጋር አንድ ግቢ ውስጥ ነው። የከተማው ቤተ መጻሕፍትም አጠገቡ ነው።

ድንበሩ የት ነው?

«ታኮማ ነው የምኖረው» የሚል ሰው ሁሉ የታኮማ ፓርክ ፖሊስ አይጠብቀውም። የታኮማ ሜትሮ ጣቢያ ራሱ ያለው ዲሲ ውስጥ ነው። ኢስተርን አቬኑን ተሻግራችሁ ዲሲ ከገባችሁ ጉዳያችሁ የዲሲ ፖሊስ ነው። በሌላኛው ጫፍ፣ ዩኒቨርሲቲ ቡሌቫርድና ኒው ሃምፕሻየር አቬኑ የሚገናኙበት መስቀለኛ መንገድ ደግሞ የባሰ ነው። አውቶቡሱ፣ ገበያው፣ እግረኛው የሚተራመስበት ቦታ ነው። የታኮማ ፓርክ፣ የሞንጎመሪ ካውንቲና የፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲ ክልሎች እዚያ አካባቢ ይገናኛሉ። አንድ መንገድ ስትሻገሩ ፖሊሱ ይቀየራል።

ከ1997 በፊት ነገሩ ከዚህም የተወሳሰበ ነበር። ከተማዋ ራሷ ለሁለት ካውንቲ ተከፍላ ነበር። የከተማው ፖሊስ አንድ ሌባ ሲይዝ የያዘው በየትኛው ወገን እንደሆነ ማየት ነበረበት፤ ፍርድ ቤቱም ዐቃቤ ሕጉም የተለያየ ነውና። ነዋሪው ድምፅ ሰጥቶ ከሐምሌ 1997 ጀምሮ ከተማዋ ሙሉ በሙሉ ወደ ሞንጎመሪ ተጠቃለለች።

ይህን ድንበር ማወቅ የሚጠቅመው ለሪፖርት ነው። መኪናችሁ የተሰበረው ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ከሆነ ሜፕል አቬኑ ብትሄዱ ወደ ካውንቲው ይመልሷችኋል። ለአስቸኳይ ጉዳይ ግን ድንበር ማሰብ አያስፈልግም። 911 መደወል ብቻ ነው። ስልኩን መጀመሪያ የሚያነሳው የካውንቲው ማዕከል ነው፤ ጉዳዩ የታኮማ ፓርክ ፖሊስ ከሆነ ያስተላልፋል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚነገረው ስም ሳይሆን አድራሻ ነው። መናገር የማያስችል ሁኔታ ውስጥ ላለ ሰው ሜሪላንድ ውስጥ ወደ 911 በጽሑፍ መልእክት መላክም ይቻላል።

ወንጀል ባይኖርም

ፖሊስ ጣቢያ ማለት ለብዙዎቻችን ሰው ታስሮ ስንቅ የሚወሰድበት፣ ወይም ተጠርቶ ቃል የሚሰጥበት ቦታ ነው። ስለዚህ በራሱ ፈቃድ የሚሄድበት ሰው ጥቂት ነው። የትንሽ ከተማ ፖሊስ አብዛኛው የዕለት ሥራ ግን ከእስር ጋር ምንም አይገናኝም።

አንዱ የቤት ቅኝት ነው። ከከተማ ርቆ የሚሄድ ሰው ከመሄዱ በፊት ለፖሊስ ያሳውቃል፤ የሚቆይበትን ቀን፣ የትኛው መብራት እንደሚበራ፣ ግቢው ውስጥ የሚቆም መኪና ካለ የሱን ታርጋ፣ ቁልፍ የያዘው ሰው ማን እንደሆነ። በፓትሮል ላይ ያለ ፖሊስ በዚያ ሲያልፍ ቤቱን አየት ያደርጋል። በሩ የተከፈተ፣ መስኮቱ የተሰበረ ከሆነ ለተሰጠው ስልክ ይደውላል። ለጎረቤት «ቤቴን አደራ» ብሎ እንደመሄድ ነው፤ ልዩነቱ ጎረቤቱ የደንብ ልብስ መልበሱ ነው። አገልግሎቱ በነፃ ነው። ለገና ወይም ለጥምቀት አገር ቤት ሄዶ ሁለት ወር ለሚቆይ ሰው ከዚህ የተሻለ ነገር ማግኘት ይከብዳል። ብዙ ሰው አይጠቀምበትም። «ቤቴ ባዶ ነው ብዬ ለፖሊስ ልንገር?» የሚል ጥርጣሬ ያለ ይመስለኛል። ቤቱ ባዶ መሆኑን ፌስቡክ ላይ ከቦሌ ኤርፖርት ፎቶ ለጥፎ ለዓለም የሚያውጅ ሰው ግን ለፖሊስ ለመንገር ባይሰጋ ጥሩ ነው።

ሌላው ሪፖርት ነው። የተሰረቀ መኪና፣ ከበር ላይ የተወሰደ ዕቃ፣ ገጭቶ ያመለጠ ሾፌር። ፖሊሱ ሌባውን ላያገኘው ይችላል፤ በትንንሽ ስርቆት አብዛኛውን ጊዜም አያገኘውም። ዋናው ጥቅም የኬዝ ነምበሩ ነው። ኢንሹራንስ ያለሱ አያነጋግርም። ፓስፖርቱ የጠፋበት ሰውም ምትክ ሲጠይቅ የፖሊስ ሪፖርት አምጣ ሊባል ይችላል። ሪፖርት የሚሰጥ ሰው የመኪናውን ታርጋና የሻሲ ቁጥር፣ የስልኩን ወይም የብስክሌቱን ሴሪያል ነምበር ይዞ ቢሄድ ግማሹ ሥራ አለቀ ማለት ነው። በተለይ ብስክሌት። ቁጥሩ አስቀድሞ ፖሊስ ዘንድ የተመዘገበ ብስክሌት ሲገኝ ባለቤቱ ይታወቃል። ያልተመዘገበው መጋዘን ውስጥ ተኝቶ ይቀራል።

ጣቢያው ያረጀ መድኃኒት መጣያ ሳጥንም አለው። ከቀዶ ሕክምና የተረፈ የሕመም ማስታገሻ፣ ጊዜው ያለፈበት ኪኒን እዚያ ይጣላል። ስም የሚጠይቅ የለም። እናት አባቶች አርፈው መድኃኒታቸው በመሳቢያ የቀረበት ቤት ሁሉ ይህን ቢያውቅ ደግ ነው።

በነሐሴ ወር መጀመሪያ ማክሰኞ ደግሞ በመላው አገሪቱ «ናሽናል ናይት አውት» የሚባል ምሽት አለ። ከ1984 ጀምሮ ይከበራል። ፖሊስና ነዋሪ ሰፈር ላይ ወጥተው ይጨዋወታሉ፤ ልጆች ፓትሮል መኪናው ውስጥ ገብተው ሳይረኑን ያስጮኻሉ። ሥራው የፖሊስ ማስታወቂያ ነው ቢባል አልከራከርም። ሆኖም ፖሊሱን በመልክ ማወቅ በአንድ ሚሊዮን ሰው ካውንቲ ውስጥ የማይታሰብ ነገር ነው፤ እዚህች ከተማ ውስጥ ይቻላል።

መንገድ ላይ ሲያስቆም

አገር ቤት ትራፊክ ሲያስቆመው ሹፌሩ ብዙ ጊዜ ወርዶ መንጃ ፈቃዱን ይዞ ወደ ትራፊኩ ይሄዳል፣ ይለማመጣል። እዚህ እንዲህ ማድረግ አደገኛ ነው። ሞተር ማጥፋት፣ ማታ ከሆነ የውስጥ መብራት ማብራት፣ እጅን መሪው ላይ አድርጎ መጠበቅ ነው። ወረቀት ከኪስ ወይም ከመሳቢያ ለማውጣት አስቀድሞ መናገር ይሻላል። ቲኬቱ ካልተዋጠላችሁ ክርክሩ ፍርድ ቤት ነው፣ መንገድ ዳር አይደለም።

ከፖሊሱ ይልቅ ብዙ የኡበርና የሊፍት ሹፌር የሚያውቀው ካሜራውን ነው። በተለይ የኒው ሃምፕሻየር አቬኑው የፍጥነት ካሜራ ስሙ የታወቀ ነው። ሜሪላንድ ውስጥ እንዲህ ያለ ካሜራ የሚቀጣው ከተፈቀደው ፍጥነት በሰዓት ቢያንስ 12 ማይል ያለፈውን ነው። ቅጣቱ የሚላከው ለመኪናው ባለቤት ነው፤ መንጃ ፈቃድ ላይ ነጥብ አይያዝበትም።

በአማርኛ መናገር

እንግሊዝኛው ያልጠነከረ ሰው ለፖሊስ «አምሃሪክ» ካለ በስልክ አስተርጓሚ ሊቀርብለት ይችላል። ነገሩ በጎ ፈቃድ ብቻ አይደለም። የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበሉ መሥሪያ ቤቶች በትውልድ አገር ምክንያት አድልዎ እንዳያደርጉ ይከለክላል፤ የቋንቋ ጉዳይም በዚህ ሥር ሲታይ ኖሯል። ብዙ ቤተሰብ ግን ሲጨንቀው የአሥር ዓመት ልጁን ያስተረጉማል። ይህ ቢቀር ጥሩ ነው። በተለይ የባልና ሚስት ጠብ ከሆነ ልጅ የማይሰማውን ይሰማል፣ የማይገባውን ይተረጉማል።

የቤት ውስጥ ጥቃት ከሁሉም የከበደው ነው። እኛ ዘንድ ሽማግሌ ይገባል፣ ንስሐ አባት ይጠራል። ፖሊስ የጠራች ሴት «ቤቷን ያፈረሰች» ትባላለች። አንዳንዷ የምትደውለው ባሏ እንዲታሰር ሳይሆን ቆጣ እንዲሉትና እንዲመለሱ ነው። ፖሊስ ግን አስታራቂ አይደለም። ጥቃት ለመፈጸሙ በቂ ምክንያት ካገኘ ያለ ፍርድ ቤት ማዘዣ ሊያስር ይችላል። ይህን አስቀድሞ ማወቅ ይበጃል፤ ላለመደወል ግን ምክንያት አይሁን። ባሏ እንዳይቀርባት የምትፈልግ ሴት ፍርድ ቤት በተዘጋበት ሰዓትም የፍርድ ቤቱ ኮሚሽነር የሚባለው ሹም ዘንድ ሄዳ ጊዜያዊ የጥበቃ ትእዛዝ ማውጣት ትችላለች። ሮክቪል ውስጥ ደግሞ የካውንቲው የቤተሰብ ፍትሕ ማዕከል አለ፤ ፖሊስ፣ የሕግ ምክር፣ የሥነ ልቦና ድጋፍ አንድ ጣሪያ ሥር ይገኙበታል።

ወረቀት ለሌለው ሰው

ታኮማ ፓርክ በ1985 ከአገሪቱ ቀደም ብለው ራሳቸውን መጠለያ ካደረጉት ከተሞች አንዷ ናት። ያን ጊዜ መነሻው ከኤል ሳልቫዶርና ከጓቴማላ ጦርነት የሸሹ ሰዎች ነበሩ። የከተማው ሠራተኛ፣ ፖሊስን ጨምሮ፣ ነዋሪን ስለ ኢሚግሬሽን ሁኔታው አይጠይቅም፤ በኢሚግሬሽን ጉዳይ ሰው የማደን ሥራም ውስጥ አይገባም። ምክር ቤቱ በ2007 ይህን በድጋሚ አጽንቶታል።

ሕጉ ምን እንደማያደርግም መታወቅ አለበት። የፌዴራል የኢሚግሬሽን ሰዎች ከተማዋ ውስጥ እንዳይሠሩ ማገድ አይችልም። ሌላም አለ። በወንጀል የተያዘ ሰው የሚመዘገበው ሮክቪል በካውንቲው ማቆያ ነው። እዚያ የሰጠው አሻራ ወደ ኤፍ ቢ አይ ይሄዳል፣ ከዚያም የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ ያየዋል። «ታኮማ ፓርክ ነኝ፣ ማንም አይነካኝም» ብሎ ሰክሮ መንዳት አያዋጣም።

በወንጀል ለተጎዳ ሰው ደግሞ ዩ ቪዛ የሚባል መንገድ አለ። ተጎጂው ምርመራውን ከረዳ ፖሊስ መርዳቱን በፎርም ያረጋግጣል። የሜሪላንድ ሕግ ፖሊስ ለዚህ ጥያቄ በ90 ቀን ውስጥ መልስ እንዲሰጥ ያዛል። ቪዛው በዓመት ለ10,000 ሰው ብቻ ስለሚሰጥ ወረፋው የዓመታት ነው፤ ያለ ጠበቃ ባይጀመር ይመረጣል።

ትንሽነቱ የሚጎድለው

ትንሽ መምሪያ ሁሉን በራሱ አይችልም። እስር ቤቱ የካውንቲው ነው። ዐቃቤ ሕጉም የካውንቲው ነው፤ ፍርድ ቤቱ የግዛቱ። እሳትና አምቡላንስ በካውንቲው ሥርዓት ይመጣሉ። ከባድ ነገር ሲገጥም ከጎረቤት ፖሊስ እርዳታ ይጠየቃል። ጥቂት ሰው ሲለቅ ወይም ሲታመም ፈረቃው ይሳሳል። ወጪውም ቀላል አይደለም፤ የከተማው ነዋሪ ለካውንቲውም ለከተማውም ግብር ይከፍላል። «ካውንቲው ፖሊስ እያለው እኛ ለምን እንደገና?» የሚል ጥያቄ በእንዲህ ያሉ ከተሞች በየበጀት ዓመቱ ቢነሳ አይገርምም።

መልሱ ያለው ፖሊሱ የሚጠየቅበት መንገድ ላይ ነው ባይ ነኝ። ፖሊስ በደለኝ የሚል ነዋሪ አቤቱታውን ለመምሪያው ማቅረብ ይችላል፤ ለካውንቲው የፖሊስ ተጠያቂነት ቦርድም ማቅረብ ይችላል። ቦርዱ የመጣው ሜሪላንድ በ2021 ለፖሊሶች ልዩ ከለላ ይሰጥ የነበረውን የ1974 ሕጓን ከሻረች በኋላ ነው፤ የትንንሽ ከተሞችን ፖሊሶችም ይመለከታል። አዛዡን የሚሾመው የከተማው ሥራ አስኪያጅ ነው። ሥራ አስኪያጁን የሚቀጥረው ምክር ቤቱ ነው። ምክር ቤቱን የሚመርጠው ነዋሪው ነው፤ ዜጋ መሆን ግን አይጠየቅም። ከ1992 ጀምሮ ዜግነት የሌለው ነዋሪ ለከተማው ምርጫ ድምፅ ይሰጣል። ከ2013 ወዲህ የ16 ዓመት ልጅም ይመርጣል። ግሪን ካርድ ያለው ወይም የአሳይለም ጉዳዩን የሚጠብቅ ሐበሻ ፕሬዚዳንት መምረጥ አይችልም፤ የፖሊስ አዛዡን አለቃ የሚቀጥሩትን ሰዎች ግን መምረጥ ይችላል። ምዝገባው የከተማው ስለሆነ ከግዛቱ የመራጮች መዝገብ ጋር እንዳይምታታ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ዜጋ ያልሆነ ሰው በስህተት ግዛቱ መዝገብ ላይ ቢገባ የዜግነት ማመልከቻውን ሊያበላሽበት ይችላል። ምርጫው ለሁለት እኩል በሚካፈሉ ዓመታት (እንደ 2024 ባሉት) ኅዳር ላይ ይካሄዳል። መረጃው በአማርኛም ይወጣል።