የካንሰር ሕመምተኛ ደም ሲረጋ የነጭ የደም ሴል ድርሻ ምንድን ነው?

«ነጭ የደም ሴሉ በዝቶ ደሙ ወፈረ፣ ወፍሮም ረጋ።» ይህን አባባል መስማት ሰልችቶኛል። ሰሞኑን ደግሞ አንዱ፣ እናቱ ካንሰር ይዟቸው እግራቸው ያበጠበት ልጅ ምክር ሲጠይቅ ይህንኑ ጻፈለት። የድሬዳዋን ሙቀትም ምክንያት ብሎ ጨመረበት፣ በባዶ ሆድ ሎሚ አዘዘና ሄደ። ላይኩ ደግሞ ጉድ ነው። አቦ ተው! እኔ ሐኪም አይደለሁም፣ ላብራቶሪ ውስጥ ሲቢሲ (የደም ሴሎች ቆጠራ) ሳይ የምውል ሰው ነኝ። ይህቺን ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

እስቲ ሒሳቡን እንሥራው። በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም ውስጥ ወደ 5 ሚሊዮን የሚጠጋ ቀይ የደም ሴል አለ። ነጩ በጤነኛ አዋቂ ከ4,000 እስከ 11,000 ቢሆን ነው። ነጩ 18,000 ገባ እንበል። አሁንም ለአንድ ነጭ ከ250 በላይ ቀይ አለ። በዚህ ቁጥር ምኑን ያወፍረዋል? እንዲያውም ብዙ የካንሰር ሕመምተኛ ደም ማነስ ስላለበት ደሙ ከእኔና ካንተ ደም ቀጠን ያለ ነው። ቀጥኖም ይረጋል። ውፍረት ነው የሚለው ሰው እዚህ ጋ ምን እንደሚመልስ ባውቅ ደስ ይለኛል።

(አንድ ነገር ላስገባ፣ አለበለዚያ የሙያ ጓደኞቼ አይለቁኝም። በአጣዳፊ የደም ካንሰር ነጩ ከ100,000 አልፎ ሲሄድ ያልበሰሉት ሴሎች ራሳቸው የሳንባና የአንጎል ጥቃቅን ደም ሥሮችን ሊዘጉ ይችላሉ። ይህ ድንገተኛ ነገር ነው። ግን ሌላ ችግር ነው፣ ሕክምናውም ሴሎቹን መቀነስ ነው። የጨጓራ ወይም የቆሽት (ፓንክሪያስ) ካንሰር ይዞት ነጩ 14,000 የሆነን ሰው ከዚህ ጋር መቀላቀል አይቻልም።)

ታዲያ ነጩ ምን ያደርጋል? የድሬዳዋውን ወንዝ፣ ደቻቱን አስቡት። ክረምት ላይ ከተራራው ጎርፍ ሲወርድ ድልድዩን የሚዘጋው የውሃው መወፈር አይደለም። መጀመሪያ አንድ የእሾህ ቅርንጫፍ ምሰሶው ላይ ይያዛል። ከዚያ ፌስታሉ፣ ገረባው፣ ጨርቁ እሱ ላይ ይጠመጠማል። ቀጥሎ ደለሉ ይሞላዋል። ውሃው ያው ውሃ ነው፣ መንገዱ ግን ተዘጋ። በእግር ጥልቅ ደም ሥር ውስጥም ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ደም ቀስ ከሚልበት፣ ደም ወደ ኋላ እንዳይመለስ ከሚዘጉት ከቫልቮቹ ኪስ ነው። ቅርንጫፉን የሚጥለው ኒውትሮፊል የሚባለው የነጭ የደም ሴል ዓይነት ነው። የራሱን ዲኤንኤ ፈትቶ እንደ መረብ ይዘረጋል። ፌስታሉና ገረባው ፕላትሌት (ደም ለማርጋት የሚጣበቁት ጥቃቅን ሴሎች) እና ቀይ ሴሎች ናቸው፣ ደለሉ ደግሞ ፋይብሪን፣ ማለትም የረጋውን ደም የሚያስረው የፕሮቲን ክር።

ኒውትሮፊል ይህን የሚያደርገው ለክፋት አይደለም። መረቡ ባክቴሪያ መያዣ ነው። በርሊን ያሉ ተመራማሪዎች ይህን ያሳዩት እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። ያው መረብ ደም እንደሚያረጋ ደግሞ በ2010 ታየ። በደቻቱ ቋንቋ ከሄድን፣ ዳር ላይ ያለው ሰው እሾህ የሚከምረው ጅብ እንዳይገባበት ነው። ካንሰሩ ግን ጅብ በሌለበት «ጅብ መጣ!» እያለ ቀን ከሌት የሚጮህ ጎረቤት ነው። ብዙ ዕጢዎች ጂ-ሲኤስኤፍ የሚባል መልእክት ያመነጫሉ። መቅኔው ይህን ሰምቶ ኒውትሮፊል በብዛት ይልካል፣ የተላኩትም መረብ ለመዘርጋት የቸኮሉ ናቸው። ምሳሌዬ እዚህ ላይ ትንሽ ያነክሳል፤ ደቻቱ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ነው፣ ደም ሥር ደርቆ አያውቅም። ግን ነገሩ ገብቷችኋል።

መረቡ ቆሻሻ መያዣ ብቻም አይደለም። ዲኤንኤው የሚጠመጠምባቸው ሂስቶን የሚባሉ ፕሮቲኖች ፕላትሌትን ይቀሰቅሳሉ። አብሮ የሚወጣው ኢላስቴዝ የተባለ ኢንዛይም የመርጋት ሂደቱን የሚገታውን ፕሮቲን ይቆራርጣል። በሌላ በኩል ሞኖሳይት የሚባለው ነጭ ሴል ቲሹ ፋክተር ያወጣል፤ ይህ በቁስል ጊዜ የመርጋት ሂደቱን የሚያስነሳው ፕሮቲን ነው። ቲሹ ፋክተርን ዕጢው ራሱም ያመነጫል። ስለዚህ ጥፋቱን በሙሉ ነጩ ላይ መጫንም ልክ አይደለም።

ቁጥሩ ጭራሽ ዋጋ የለውም እያልኩ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው የኾራና ስኮር የሚባለው መለኪያ ኬሞ ከመጀመሩ በፊት ነጩ ከ11,000 በላይ ለሆነ ሰው አንድ ነጥብ ይሰጣል። የጨጓራ ወይም የቆሽት ካንሰር ብቻውን ሁለት ነጥብ ነው። ፕላትሌት 350,000 እና ከዚያ በላይ ከሆነ አንድ፣ ከልክ ያለፈ የሰውነት ውፍረት አንድ። ሄሞግሎቢን ከ10 በታች ከሆነም አንድ፤ ልብ በሉ፣ ደም ማነስ ነው አደጋውን የሚጨምረው! ደሙ ወፈረ የሚለው ወሬ እዚህ ጋ ያበቃል። ደግሞም ስኮሩ ወደፊት ማን ሊረጋበት እንደሚችል መገመቻ ነው እንጂ ዛሬ ረግቷል አልረጋም አይልም።

«ኬሞ ከመጀመሩ በፊት» የምትለዋን አትዝለሏት። ከኬሞ ጋር ዴክሳሜታሶን የወሰደ ሰው ነጩ ከፍ ይላል። ነጩ እንዳይወርድበት ፊልግራስቲም የተወጋማ ሰማይ ሊነካ ይችላል። ኢንፌክሽንም ከፍ ያደርገዋል። በተቃራኒው ዴንጊ ነጩንም ፕላትሌቱንም ያወርዳል፣ እኛ ድሬ ደግሞ ዴንጊን በደንብ እናውቀዋለን። በዚያ ላይ ብዙ አፍሪካውያን ጤነኛ ሆነው ኒውትሮፊላቸው በተፈጥሮ ዝቅ ያለ ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው 10,000 ለሱ ብዙ ሊሆን ይችላል፣ ወረቀቱ ላይ ግን ምንም ምልክት አይደረግበትም። ማሽኑም ይሳሳታል። ተጣብቀው የተከማቹ ፕላትሌቶችን ነጭ ሴል ናቸው ብሎ የሚቆጥርበት ጊዜ አለ፣ ስላይድ ሠርተን በማይክሮስኮፕ የምናየው ለዚህ ነው።

ሌላው ደግሞ ከእኛው ላብራቶሪ የሚወጣ ችግር ነው። ደም ተቀድቶ ሐምራዊ ክዳን ያለው ቲዩብ ውስጥ ከገባ በኋላ ቶሎ ካልተገላበጠ ይረጋል። ቀጭን እንጨት ሰደድ አድርገን ስናወጣ ጫፉ ላይ ቀይ ቁራጭ ተንጠልጥሎ ይመጣል። እኛም በመስኮት «ረግቷል፣ ድገሙ» ብለን እንመልሳለን። አስታማሚው የሚሰማው «የእናትህ ደም ረጋ» የሚል ነው፣ ኮሪደሩ ለቅሶ ይሆናል። የረጋው ቲዩቡ ውስጥ ያለው ነው። እግሯ ውስጥ ምን እንዳለ አንድም ነገር አይናገርም። ሲቀዳ ከመዘግየት ወይም ካለማደባለቅ የሚመጣ የኛ ጣጣ ነው።

ወደ ሎሚው እንመለስ። ሎሚ መረቡን አይፈታም፣ ፋይብሪን አይነካም። ሙቀትና ውሃ ማነስ መርጋትን ሊያግዙ ይችላሉ፣ ውሃ ጠጡ፣ ጥሩ ነው፤ የረጋውን ግን ውሃ አይፈታውም። አስፕሪን ከቤት አንስቶ መስጠትም ሕክምናው አይደለም። ለዚህ የሚታዘዙት እንደ ኢኖክሳፓሪን፣ ሪቫሮክሳባንና ዋርፋሪን ያሉ መድኃኒቶች ናቸው። እነሱም ቢሆኑ ደሙን ውሃ አያደርጉትም፣ የመርጋት ሂደቱን ነው የሚገቱት። ፕላትሌቱ በጣም የወረደ ወይም የሚደማ ዕጢ ያለበት ሰው ላይ አደጋ ስላላቸው ሐኪም ሳያይ አይጀመሩም።

ለልጁ ሊነገረው የሚገባው ይህ ነበር፦ ካንሰር ያለበት ሰው አንድ እግሩ ከሌላው ተለይቶ ካበጠ፣ ባቱን ካመመው፣ ዛሬውኑ ሆስፒታል ሄዶ የእግሩ ደም ሥር በዶፕለር አልትራሳውንድ ይታይ። ድንገት ትንፋሽ ካጠረው ወይም ደረቱን ከወጋው በደቂቃ አትዘግዩ፣ ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል። የሲቢሲ ውጤት እስኪመጣ ቤት አትጠብቁ፤ ነጩ 6,000 ሆኖም እግር ውስጥ ደም ይረጋል።