የጆሮ ሕዋስ ከሞተ በኋላ መስሚያ መሣሪያ ምን ይሠራል?

«መስሚያ መሣሪያ ካደረግኩ ጆሮዬ ይድናል?» የሚለው ጥያቄ አሁንም አሁንም ይመጣል። አጭሩ መልስ፦ አይድንም፤ ግን ያግዛል።

በውስጠኛው ጆሮ ውስጥ ጫፋቸው ፀጉር የሚመስል ሕዋሳት አሉ። በአንድ ጆሮ 15,000 ገደማ ይሆናሉ። የድምፅን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ መልእክት ለውጠው ለነርቭ የሚያቀብሉት እነሱ ናቸው። ከፍተኛ ጩኸት፣ እርጅና፣ እንደ ጄንታማይሲንና ሲስፕላቲን ያሉ መድኃኒቶች ሊገድሏቸው ይችላሉ። አንዴ ከሞቱ የሰው ጆሮ አይተካቸውም። ወፎች ግን ይተካሉ፤ ያስቀናል።

አንድ ሰው ጆሮውን ሳይሸፍን ጩኸት በበዛበት ፋብሪካ ለዓመታት ሠራ እንበል። ቀድሞ የሚጠፋበት ቃላትን ለመለየት የሚረዳው ቀጭን ድምፅ ነው። ስለዚህ «ይሰማኛል፣ ግን ምን እንዳላችሁ አይገባኝም» ይላል። መስሚያ መሣሪያው ድምፁን የሚያጎላው ለተረፉት ሕዋሳት ነው። የተረፉት በጣም ጥቂት ከሆኑ፣ በቀዶ ጥገና የሚገባው ኮክሌር ኢምፕላንት የተባለ መሣሪያ ሕዋሳቱን አልፎ ነርቩን በቀጥታ ያነቃቃል። ውጤቱ ታዲያ ከሰው ሰው ይለያያል።

በኩክ ወይም በኢንፌክሽን የተደፈነ ጆሮ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ይታከማል። መስማት ድንገት በአንድ ጆሮ ከጠፋ ግን «ነገ ይሻለኛል» ማለት አያዋጣም። ለዚህ የሚሰጠው ስቴሮይድ የተባለ መድኃኒት የመርዳት ዕድሉ የሚሰፋው ቶሎ ሲጀመር ነውና በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ይኬድ።